ለባዶ ግድግዳ ስንሰግድ

ሰውነት አንዴ የተማረውን አይረሳም ይባላል። ይረሳል። የእኔ ረስቷል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መካኒሳ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ፣ ረዳቱ «ፋዘር፣ ቀስ» እያለኝ፣ ቀስ ብዬ ወደቅሁ። ጭቃ ላይ ስለነበር ብዙም አልተጎዳሁም። የከነከነኝ አወዳደቄ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እንዴት እንደሚወደቅ ተምሬ ነበር። አገጭን ደረት ላይ አጣብቆ፣ ክንድን አስቀድሞ፣ ተንከባልሎ መነሣት። ከዚያ ሁሉ አንዱም አልመጣልኝም። እንደ ጤፍ ጆንያ ዘፍ አልኩ። ረዳቱ በብብቴ ይዞ አነሣኝና ሱሪዬን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አራገፈልኝ፤ ከመውደቁ ይልቅ ያማረረኝ ይኸ ማራገፍ ነው።

ለጉልበቴ ያየችኝ ሐኪም በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችና «ዎክ ያድርጉ» አለችኝ። በዚህ ከተማ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ የሚታዘዝለት መድኃኒት ዎክ ነው። በየማለዳው ከጀርመን አደባባይ እስከ ለቡ ድረስ ነጭ ጫማ ያደረጉ ጡረተኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለ ቦታ ዋጋ እያወሩ ይሄዳሉ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲሄድ በሌላ በኩል መሄድን እንደ ሙያ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ በጽሑፍም እንጀራዬ ይኸው ነው። ስለዚህ ማታ ራት ላይ ካራቴ ልመለስ ነው አልኩ።

ባለቤቴ ጎርሳ ስለነበር መጀመሪያ ዋጠች። «ካራቴ? አንተ? ካልሲህን አልጋ ላይ ቁጭ ብለህ አይደል የምታጠልቀው?»

«ለዚያ ነው» አልኳት።

«እሺ፣ ሂድ። ግን ሲሰብሩህ ቤት እንዳያመጡህ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይውሰዱህ።»

ጥሩ የካራቴ ክለብ መፈለግ ጥሩ ልብስ ሰፊ ከመፈለግ አይለይም፤ ሁሉም ማስታወቂያ አለው፣ ልኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያው መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከታች ፋርማሲና የጫማ መደብር ያለበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ አይሠራም። ላይ ስደርስ ልምምዱን የጨረስኩ ያህል አልቦኛል። አሠልጣኙ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ስሙን በወርቅማ ክር ቀበቶው ላይ ያስጠለፈ ጎረምሳ ነው።

«ለልጅ ልጅዎ ነው፣ አባቴ?»

«ለራሴ ነው።»

«ለራስዎ ከሆነ ቪአይፒ አለን። በስድስት ወር ጥቁር ቀበቶ፣ ከነሰርተፊኬቱ፣ ከነፎቶው።»

እኔ ጥቁር ቀበቶ የወሰድኩት በሰባት ዓመት ነው፤ ፎቶ ያነሣኝም የለም። ክለብን የምመዝንበት አንድ መለኪያ አለኝ፤ ከሁሉም ደካማ የሆነውን ተማሪ አያለሁ። እዚያ ክፍል ጥግ ላይ አንድ ወፍራም ልጅ ብቻውን በመስታወቱ ፊት እጁን ይወረውር ነበር፤ በቆየሁበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ማንም ክንዱን አላስተካከለለትም። አመስግኜ ወረድኩ።

ሁለተኛው ሀና ማርያም፣ የወጣቶች ማዕከል የሚሉት አዳራሽ ውስጥ ነው። ካራቴ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አለ፤ ውስጡ ግን ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ፣ የተንጠለጠለ ከረጢትና ከረጢቱን የሚቀጠቅጡ ደረተ ሰፊ ወጣቶች ናቸው። የቦታው ኃላፊ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «አባባ፣ ለእንደ እርስዎ ዓይነቶቹ ጠዋት ጠዋት ኤሮቢክስ አለ። እማማዎች ይበዛሉ፤ ይወዱታል» ብሎ ጮኸ። የሚወዱት እማማዎቹ ኤሮቢክሱን ይሁን እኔን አልገለጸልኝም። ልወጣ ስል፣ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የልጇን ቦርሳ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ የድሮውን ካራቴ ነው የሚፈልጉት? ዝም ብሎ የሚሠራውን?»

«አዎ፣ ዝም ብሎ የሚሠራውን።»

«እንግዲያው ወንድም ማርቆስ ጋ ይሂዱ። የእኔም ልጅ እዚያ ነበረች፤ ሰዓቱ ከትምህርት ቤቷ ጋር አልገጥም ብሎን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን አልፈው፣ ኮንዶሚኒየሙንም አልፈው ወደ ውስጥ ሲገቡ ጭድ ቤት ብለው ይጠይቁ። ድሮ ገበሬዎቹ ጭድ ያስቀምጡበት የነበረ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ነው የሚሠሩት። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ለሰውም ለምንም አንሰግድም። ለዚያ ነው መጀመሪያ እሱ ጋ ያስገባኋት። እዚያ ስግደት የለም፣ በሰላምታ ነው የሚጀምሩት።»

«የትኛው ማርቆስ?» አልኩ።

«ወንድም ማርቆስ ነዋ። ያቺ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት የማትታጠፈው።»

ያቺን ጣት የሰበርኳት እኔ ነኝ።

መካኒሳ በዚያን ጊዜ እንዲህ አልነበረም። እንዲህ አልነበረም ስል የተሻለ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ድሮ ደግ ነበር የሚሉ ሰዎች ጭቃውን የረሱ ናቸው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲዞር ከአልኮል ፋብሪካው በኩል የሞላሰስ ሽታ ይመጣል፤ የሚጣፍጥም የሚያቅለሸልሽም ሽታ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ በሚታጠፈው ማዕዘን ላይ የቪዲዮ ቤት ነበረ፤ መግቢያው ስሙኒ። ውስጡ ጨለማ፣ አግዳሚው ሳንቃ፣ ፊልሙ የካራቴ ነው፤ የሚናገሩትን ማንም አይሰማም፣ ማን ማንን እንደሚበቀል ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ስንወጣ የሠፈሩ ውሻ ሳይቀር ይሸሸናል። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ ሻይ ስሙኒ፤ ሽልንግ የያዘ ሰው ዳቦም ሻይም አግኝቶ ኪሱ አይራቆትም ነበር። ፀጉራችንን ከኋላ አስረዝመን ከፊት እንቆርጣለን። ሱሪያችን ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ነው። የሻይ ቤቱ ቴፕ አንድ ካሴት ብቻ ነበረው፤ ዘፋኙ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ክሩ ስለሚጎተት ድምፁ ይወፍራል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘፈን በደህና ቴፕ ስሰማው ሐሰተኛ መሰለኝ።

የምንሠራው በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ አጠገቡ ስኳርና ሳሙና በወረፋ የሚሰጥበት ሱቅ አለ። አስተማሪያችን ጋሽ ወርቁ ቀን ጋራዥ ውስጥ ፍሬን ይሠራሉ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እኛን ያሠሩናል። ከማን እንደተማሩ አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። እጃቸው ሁልጊዜ ግሪስ ይሸታል። ልብሳችንን የሚሰፋልን የማዕዘኑ ልብስ ሰፊ ነበር። ገንዘብ ያለው በአቡጀዲ፣ የሌለው በእርዳታ ዱቄት ከረጢት ያሰፋል። የእኔ ከከረጢት ነው፤ ሁለት ዓመት አጥቤው ጀርባዬ ላይ ያለው የፈረንጅ ጽሑፍ አለቅም አለ። አይሸጥም ማለት ነው። ማርቆስ ከኋላዬ በተሰለፈ ቁጥር «አይሸጥም ብለህ ለጥፈህ፣ ማን ሊገዛህ ነው?» ይለኝ ነበር።

ማርቆስ ጥንዴ ነበር። በካራቴ ጥንድ ማለት በየቀኑ የሚመታህና በየቀኑ የምትመታው፣ የእስትንፋስህን ልክ ከሚስትህ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። ከእናቱ ጋር ከወላይታ መጥቶ መካኒሳ የሚኖር፣ ቀን ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ ፑሽአፕ ሲሠራ በዝግታ መዝሙር የሚያንጎራጉር ልጅ ነው። መዝሙሩ ስላለቀ እንጂ ክንዱ ስለዛለ ሲያቆም አይቼው አላውቅም። እኔን «ፕሮፌሰር» ይለኛል፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከልብሱ ሥር ሁልጊዜ መጽሐፍ ስለነበር። ጣቱን የሰበርኩት በልምምድ ነው፤ በንዴት አይደለም። ጋሽ ወርቁ በሁለት የሻይ ማንኪያና በጨርቅ አሰሩለት፤ ጠማማ ሆና ገጠመች።

አንዲት ሴት ብቻ ነበረችን፣ አልማዝ። አባቷ ላፍቶ ጫፍ ላይ መሬት የነበራቸው ገበሬ ናቸው። ጠዋት ጠዋት በሁለት ቢዶን ወተት ይዛ በእግሯ እስከ መካኒሳ ትመጣና በየቤቱ ታድላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የትምህርት ቤት ቀሚሷን ከቱታ ሱሪ በላይ ለብሳ ትሰለፋለች። ቢዶኖቹ ትከሻ ሠርተውላታል። ወንዶቹ በቀኝ እግራችን ስንዘል እሷ በግራዋ ነው የምትዘለው፤ ስለዚህ ከየት እንደምትመጣ ማንም አያውቅም። በችሎታ ከሁላችንም ትበልጣለች። እኔ ይኸንን ያን ጊዜም አውቀዋለሁ፤ አልናገረውም እንጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንሮጥ መንገዳችን የአባቷ የገብስ ማሳ ዳር ነው። ሰውየው ከርቀት በኦሮምኛ ይሰድቡናል፤ እሷ እየሮጠች ትተረጉምልናለች። ስድቡን እያሻሻለች ትተረጉም እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ያ ማሳ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ነው። በስንተኛው ፎቅ ላይ ገብሱ እንደነበር የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ወርቁ ሁለት የማይነኩ ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ያረፈደ ሰው አይገባም፤ አይባረርምም። ሁለት እግሩን ከደፉ ውጭ አድርጎ እሳቸው ራሳቸውን እስኪነቀንቁ ይቆማል። አንዳንዴ ልምምዱ እስኪያልቅ አይነቀንቁም። ሁለተኛው፣ ስንጀምርም ስንጨርስም ሁላችንም ተሰልፈን ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ጎንበስ እንላለን። ግድግዳው ላይ የአገሪቱ መሪ ፎቶ ነበረ። ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ አንድ ሰኞ ስንመጣ ፎቶው የለም። ለዓመታት ፀሐይ ያልነካው አራት ማዕዘን ብቻ፣ ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቷል። ጋሽ ወርቁ አንዴ አዩት፣ ከዚያ «ጎንበስ» አሉ። ጎንበስ አልን። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ለዚያ አረንጓዴ አራት ማዕዘን እንደሰገድን አላስታውስም። አገሩ ሁሉ እንዲሁ ስለነበር የተለየ ነገር አልመሰለንም።

ከዚያ ጋሽ ወርቁ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሁለት ወር ያህል አልነበሩም። የአዳራሹን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ፤ ምክንያቱም በዕድሜ ትንሽ እበልጣለሁ፣ በንግግርም። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሥልጣን ይዤ አላውቅም፤ ስለዚህ ስለ ሥልጣን ስጽፍ የምጠቅሰው ያንን ቁልፍ ነው። አንድ ከሰዓት ማርቆስ ቀደም ብሎ መጣ።

«ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ለማን ነው የምትሰግደው አሉኝ። መልስ አጣሁ። አንተ ታውቃለህ?»

«ለማንም አይደለም። ለግድግዳው ነው።»

«ለግድግዳ ከሆነማ ይባስ» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እጄን ደረቴ ላይ ላድርግ? ሌላው ጎንበስ ሲል እኔ እንዲህ ልቁም። ማንንም አልረብሽም።»

ከወር በፊት ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ይኸ ጎንበስ ጎንበስ የባሪያ ልማድ ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በምንም የማላምን ሰው ነበርኩ። ግን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ደግሞም አንድ ሰው ካመነ እኔ መቃወም አለብኝ። «ሥርዓት ነው» አልኩት።

ተሰለፉ። እኔ እንደ ጋሽ ወርቁ ከፊታቸው ቆምኩ። «ጎንበስ» አልኩ። ሁሉም ጎንበስ አለ፣ ማርቆስ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቀረ። ለጥቁር ቀበቶ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«ጎንበስ ወይም ውጣ» አልኩት።

ቡናማ ቀበቶውን ፈታ፣ አራት ቦታ አጠፈ፣ ሄዶ ደፉ ላይ አስቀመጠው። ጫማውን ማሰር ጀመረ። ያቺ ጠማማ ጣቱ ክሩን ስለማትይዝለት ማሰሩ ረዘመ። ልምምዱን ልቀጥል አፌን ስከፍት አልማዝ ከሰልፉ ወጣች።

«አንቺ ደግሞ የት ነው? አንቺ ጴንጤ አይደለሽ።»

«አይደለሁም» አለች። «የቆምክበትን እየው እስቲ።»

ዞር አልኩ። ያ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ከራሴ በላይ ነበር።

«ፎቶ መስለሃል» አለች፤ ቦርሳዋን ከምስማሩ ላይ አንሥታ ወጣች። አንዱ ከኋላ ረድፍ ሊስቅ ብሎ ሳሉን ሳለ። እኔ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ጋሽ ወርቁ ከስተው ሲመለሱ ሰልፉን አዩ። «ማርቆስስ?» አሉ። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳቸው። «አልማዝስ?» ቤተሰቦቿ ከልክለዋት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስድስት ወር ቆይቶ ጥቁር ቀበቶ ሰጡኝ። ከዚያ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ መጽሐፉ ከልብሱ በላይ ሆነ፣ ቀጥሎም ልብሱ ከቦርሳው ወጣ። ጋሽ ወርቁ ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። አዳራሹ መጀመሪያ ቢሮ፣ በኋላ መንገድ ሆነ። በየቀኑ በሚኒባስ አልፍበታለሁ፤ ረዳቱ «መካኒሳ ወራጅ አለ?» የሚለው ፎቶው ከተሰቀለበት ቦታ አሥር እርምጃ ያህል አለፍ ብሎ ነው።

ከሴትዮዋ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ሁለት ሳምንት አልሄድኩም። ጽሑፍ አለብኝ አልኩ። ጉልበቴ አብጧል አልኩ። ባለቤቴ «ክለብ አጣህ?» ስትለኝ «አገኘሁ፣ ችግሩ እሱ ነው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ይኸን ነገር አልሰማችም ነበር። ሳህኑን አነሣችና «ነገ ማክሰኞ ነው» አለች።

ጭድ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ ረጅም የጭቃ ቤት ነው። ገና ከሩቅ ሸተተኝ። ጭዱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ግን ግድግዳው ጠጥቶታል፤ ላብ ሲነካው ይመለሳል። ያ ሽታ የአልማዝን አባት ማሳ፣ የቅዳሜውን ሩጫ፣ የተሻሻለውን ስድብ በአንድ ጊዜ አመጣብኝ። ልምምዱ ተጀምሯል። ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎች አሉ፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ማርቆስ ከፊታቸው ቆሟል፤ ራሱ ተመልጧል፣ የቀረው ፀጉር ነጭ ነው፣ በቀኝ በኩል ትንሽ ያነክሳል። ሰውነቴ ከረሳው ሁሉ አንድ ነገር ቀርቶለት ኖሮ፣ ሳላዘው ሁለት እግሬ ከደፉ ውጭ ቆመ።

አየኝ። አወቀኝ። አልነቀነቀም።

አንዲት ተማሪ ወደ እኔ መጣች። «ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«ተዪው» አለ ማርቆስ ሳይዞር። «አርፍዶ ነው።»

አንድ ሰዓት ተኩል ቆምኩ። ሲጨርሱ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየመጡ ጨበጡት፤ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ በግራ እጃቸው ክርናቸውን ደግፈው፣ ትልቅ ሰው እንደሚጨበጠው። እሱም ለእያንዳንዳቸው፣ ለስምንት ዓመቷም ጭምር፣ ክርኑን ደግፎ ይመልሳል። ልብ ብዬ አየሁ፤ እኛ ለግድግዳው ከምናጎነብሰው ይልቅ ዝቅ ይላሉ። ከዚያ መብራቱን አጠፋና በሌላው በር ወጣ። ሐሙስ ተመለስኩ፤ ቆምኩ። ዝናብ ነበር፤ ደፉ ላይ ያለው ቆርቆሮ አጭር ስለሆነ ጀርባዬ ረጠበ። በሚቀጥለው ማክሰኞም ቆምኩ። ደካማውን ተማሪ ፈለግሁ፤ አንዲት ቀጫጫ ልጅ ነች፤ በቆየሁባቸው ሦስት ቀናት ማርቆስ ክንዷን ከአሥር ጊዜ በላይ አስተካከለላት። ሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ እያነከሰ ወደ በሩ መጣ።

«ጉልበትህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«አለ። ይጮኻል።»

«የእኔ ዳሌ ነው። ሴራሚክ ማንጠፍ ነው የጨረሰው፤ ሠላሳ ዓመት በጉልበት ተንበርክኮ። እግዜር ሳልጸልይ ነው ያንበረከከኝ እላለሁ ለሚስቴ።»

«ማርቆስ፣ ያን ቀን...»

«ኑዛዜ ከሆነ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ነው። እኛ ጋ አይሠራም።»

«ልጨርሰው።»

ጨረስኩት። ለጋሽ ወርቁ የዋሸሁትንም ነገርኩት። ሳወራው ከጠበቅሁት በላይ አጭር ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከአንድ ገጽ አልበለጠም።

«ጋሽ ወርቁ ያውቁ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ ቤታችን መጡ። ቀበቶዬን በጋዜጣ ጠቅልለው። እናቴ ሻይ ሰጠቻቸው። ሲወጡ፣ አንተ ስታስተምር በሰላምታ ጀምር፣ ግድግዳ ሰላምታ አይመልስም አሉኝ። ስለ አንተ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ራሱ ይነግረኛል ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም።»

ጥቁሩን ቀበቶ ሲሰጡኝ እንዳዩኝ አስታወስኩ። ረጅም ጊዜ ነበር ያዩኝ። ኩራት ነው ብዬ ነበር።

«እሺ» አለ ማርቆስ። «የእኔን ሦስት ቀን ቆመህ ጨርሰሃል። የእሷን ግን እኔ ልቀበልልህ አልችልም።»

«አልማዝ የት ናት?»

«ከእኔም የጠፋችው ያኔ ነው። ስለ እኔ ብላ ነው የወጣችው፤ አመሰግናለሁ እንኳን አላልኳትም። ይኸን ጭድ ቤት ስከራይ ባለቤቶቹን ጠይቄ ነበር፤ ከአባቷ ጋር በዘር ይዛመዳሉ። መሬቱ ሲሄድ ቤተሰቡ ተበተነ አሉኝ። አንዱ ሰበታ አለ፣ አንዱ ሞጆ አለ።» ወደ ውስጥ አገጩን አመለከተ። «ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። አዘላለል የማሳያቸው እኔ ነኝ፣ በዚህ ዳሌ። እሷ ብትኖር...» ከዚያ እንደ ጋሽ ወርቁ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ገባሁ። እጄን ዘረጋሁ፣ ክርኔን ደገፍኩ፣ ጎንበስ ስል ወገቤ ቋ አለ። እሱም መለሰልኝ። የማትታጠፈዋ ጣት መዳፌን ነካችኝ።

ይኸ የሆነው ከጥቂት ወራት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እሄዳለሁ። ስፖርት ወጣት ያደርጋል ለሚሉ ሰዎች መልሴ አጭር ነው፤ ምን ያህል እንዳረጀሁ በትክክል ያወቅሁት አሁን ነው። ቀበቶዬ ነጭ ነው፤ ማርቆስ አንሥቶ ሲሰጠኝ አልተከራከርኩም። ጥንዴ ያቺ ቀጫጫ ልጅ ናት፤ በሳምንት ሁለቴ ትጥለኛለች፣ በሁለተኛው ወር መውደቅ ተመለሰልኝ። ማታ ጉልበቴ ላይ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ አስደግፌ ስቀመጥ ባለቤቴ «ዛሬስ ስንተኛ ሆንክ?» ትለኛለች። ሠላሳ አንደኛ እላታለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነን። ደክሞኛል። እንዲህ ያለ ድካም ግን ያወቅሁት ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ዕድሜዎቼ የሚመሳሰሉት በዚህ ብቻ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እሱን ብቻዬን ልጨርሰው አልችልም። ሰበታ ሄጃለሁ፣ ሞጆም ሄጃለሁ፤ አላገኘኋትም። ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ። አልማዝ ትባላለች፤ አሁን ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት ይቀራታል። ልጅ ሆና ከላፍቶ መካኒሳ ወተት ታመላልስ ነበር፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ በግራ እግሯ ነው የምትዘለው። የምታውቋት ከሆነ፣ እናታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ከሆነች፣ ይኸን አንብቡላት። ጭድ ቤቱ ሀና ማርያም ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ አለሁ። እሷ ስትመጣ ደፉ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ በሏት። አልመጣም ካለችም፣ አልመጣም ማለቷን መጥታችሁ ንገሩኝ።